የወታደር ግጥምና የአንባቢ እንባ

ወታደር በጦር ሜዳ የጻፈው ግጥም ሲነበብ አዳራሹ ዝም ይላል። ስለ ፍቅር ወይም ስለ ጨረቃ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ «ቤቱ አልመታም»፣ «ይህማ የተለመደ ነው» እያለ የሚያወጣና የሚያወርድ ተቺ እንኳ እዚህ ላይ አንደበቱ ይታሰራል። ገጣሚው ሞቶ ከሆነማ ጨርሶ ትንፍሽ አይልም። ለመሆኑ የሚያስለቅሰን ግጥሙ ነው ወይስ መቃብሩ? ጥያቄው ጭካኔ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሳይጠየቅ ሊታለፍ አይገባውም ባይ ነኝ።

እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ኦውን የሞተው ኖቬምበር 4 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ፣ የሳምብርን ቦይ ለመሻገር በተደረገው ውጊያ ነው (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዘመኑን የምቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዕድሜው 25 ነበር። መርዶው በቴሌግራም ወላጆቹ ቤት የደረሰው ኖቬምበር 11 ቀን፣ ጦርነቱ አበቃ ተብሎ የቤተ ክርስቲያን ደወል በሚደወልበት ሰዓት ነው። በሕይወት ሳለ የታተሙለት ግጥሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህ ታሪክ ከግጥሞቹ አስቀድሞ ይነገራል። አንባቢው መጽሐፉን ሳይገልጥ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ይህም በራሱ ነውር አይደለም፤ ነፍሱን አስይዞ የተናገረ ሰው ቢታመን ምን ያስገርማል? ታላቁ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ ግን በዚህ አልተበገረም። በ1936 ባዘጋጀው የግጥም መድበል ውስጥ ኦውንን አላስገባውም። እጅን አጣጥፎ መሠቃየት ለግጥም አይበቃም የሚል ነበር ክርክሩ።

በእኛ አገር ልማድ የጦርነት ግጥም ሁለት አፍ ነበረው። አንዱ የወንዱ ነው፤ ፎካሪው እየተንጎራደደ የፈረሱን ስም፣ የጌታውን ስም፣ የጣለውን ሰው ይቆጥራል። ሌላው የሴቷ ነው፤ አልቃሿ ደረቷን እየደቃች ያልተመለሰውን ታሞግሳለች። (እንጉርጉሮ በሁለቱ መካከል ነው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እንተወው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ሁለቱ አፎች አንድ ሆኑ። ሊገድልና ሊሞት የተሰለፈው ሰው ራሱ አልቃሽ ሆነ። የእነዚህ ግጥሞች ኃይል ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ሙሾው የሚወጣው ነገ ከሚሞተው ሰው አፍ ነው።

ይህን ከማንም አብልጦ ያሳየኝ ጁሴፔ ኡንጋሬቲ ነው። ጣልያናዊ ነው፤ የተወለደው ግን በ1888 ግብፅ፣ እስክንድርያ ነው። አባቱ በስዊዝ ቦይ ሥራ የደከመ ሰው ነበር። በ1915 አገሩ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ኡንጋሬቲ በፈቃዱ ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተና ካርሶ በሚባለው ድንጋያማ ግንባር ተመደበ። እጁ በገባው ብጣሽ ወረቀት ላይ ይጽፍና ስንቅ መያዣው ውስጥ ይወሽቀዋል። በግጥሙ ራስ ላይ ቦታና ቀን ያሰፍራል። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፤ አንዳንዱ ስንኝ አንዲት ቃል ብቻ ነው። አንድ መኮንን ወረቀቶቹን ሰብስቦ በ1916 መጨረሻ ኡዲኔ ከተማ ውስጥ አሳተመለት፤ 80 ቅጂ።

ከእነዚያ ግጥሞች አንዱ ዲሴምበር 23 ቀን 1915 የተጻፈ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከተገደለ ጓዱ ሬሳ ጎን ተጋድሞ ያደረ ሰው ግጥም ነው። የሟቹ አፍ፣ ያበጡት እጆቹ፣ ሙሉ ጨረቃዋ፣ ሁሉም አሉበት። ፉከራ የለበትም፤ ጠላትም አልተረገመበትም። በስተመጨረሻ የሚሰማው ሕይወትን የሙጥኝ ማለት ነው። በትርጉም እንኳ ሲነበብ አጥንት ይሰብራል።

ይኸው መጽሐፍ በ1923 እንደገና ሲታተም መቅድም የጻፈለት ቤኒቶ ሙሶሊኒ ነው። ሙሶሊኒም በዚያው ግንባር ወታደር ነበር፤ በ1917 ቆስሏል። በ1925 ኡንጋሬቲ የፋሽስት ምሁራንን መግለጫ ፈረመ።

ከዚያች ሌሊት ልክ 20 ዓመት ቆይቶ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1935፣ በእኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ከሠራዊታቸው ጋር ተከዜ ዳር ነበሩ። ኋላ እንደመሰከሩት የዚያን ቀን ጧት የጣልያን አይሮፕላኖች የጣሉት እንደ ወትሮው የሚፈነዳ ቦምብ አልነበረም። መሬት ወይም ውኃ ሲነካ ተሰብሮ ፈሳሽ የሚረጭ ዕቃ ነበር። ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ይላጥ ጀመር። የመርዝ ጋዝ ነበር። የቀኑ መገጣጠም ምንም አያስረዳም፤ እንዲያው አጋጣሚ ነው። ግን አንድ ጊዜ ካስተዋልኩት በኋላ ከአእምሮዬ ሊወጣልኝ አልቻለም።

ኡንጋሬቲ ጠመንጃ ይዞ ተከዜ አልመጣም። ለአንባቢው ኃጢአት ገጣሚው አይጠየቅም፣ ግጥምም ስብከት አይደለም የሚል ቢኖር አልከራከረውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እንባው ነው። የካርሶውን ሬሳ አንብቦ ካለቀሰው ጣልያናዊ መካከል በ1935 አደባባይ ወጥቶ ያጨበጨበ አልነበረም ትላላችሁ? እንባው ሐሰት ነበር ማለት አይቻልም። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ግን አድራሻ ነበረው። ለራስ ልጅ ይፈስና እዚያው ይደርቃል። እኛስ ብንሆን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የየራሳችንን ሟች ስናለቅስ የማዶውን ልቅሶ ለመስማት ጆሮ የነበረን ስንት ነን?

የዚያን ኢጣሊያዊ ግጥም መውደዴን ለመተው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ከጎኑ ግን ሌላ ግጥም ማስቀመጥ ለመድኩ።

ኦውን በ1918 የጻፈው ነው፤ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «እንግዳ ግንኙነት» ሊባል ይችላል። አንድ ወታደር ከውጊያው አምልጦ የገባ የሚመስለው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ነው። እዚያ ከተኙት መካከል አንዱ ተነሥቶ ትኩር ብሎ ያየዋል። ብዙውን የሚናገረው ይህ ሰው ነው፤ ያልኖረውን ዕድሜ፣ ሊናገረው ሲችል ከእርሱ ጋር የተቀበረውን እውነት ይቆጥራል። ማንነቱን የሚገልጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወታደሩ ትናንት ወግቶ የገደለው ጠላቱ ነው። እዚህ ላይ የአንባቢው እንባ አድራሻው ይጠፋበታል። ለገዳዩ እንዳያለቅስ ሟቹ ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ለሟቹ ብቻ እንዳያለቅስ ገዳዩን አስቀድሞ ወዶታል።

ዬትስ እጅን አጣጥፎ መሠቃየት ያለው ይህን ከሆነ ተሳስቷል። ኦውን ገድሏል፤ መግደሉንም ያውቃል። ይህን ግጥም ከጻፈ በኋላ፣ በኦክቶበር 1918 መጀመሪያ፣ ከጀርመኖች የተማረከ መትረየስ ይዞ ተዋግቷል። ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳሊያ ያስገኘለት የሽልማት ጽሑፍ በዚያ መትረየስ በጠላት ላይ ከፍተኛ ጉዳት ማድረሱን ይናገራል። በ1967 ከደብዳቤዎቹ ጋር በታተመው ቅጂ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተለውጦ፣ መትረየሱን እንደማረከና ምርኮኞች እንደያዘ ብቻ ይነበባል። ግጥሙን ማንም አልነካውም። የተገደለው ሰው አሁንም እዚያው ዋሻ ውስጥ ሆኖ ይናገራል።