አማናችን በማን እጅ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን በሰፈራችን መስጊድ ዘካ የሚከፋፈልላቸውን ቤተሰቦች የመመዝገቡ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። የቲሞች፣ ባል የሞተባቸው እናቶች፣ በሽታቸውን ለጎረቤት እንኳ ያልተነፈሱ አባቶች ነበሩበት። ሥራው እንዲቀለኝ ብዬ ስማቸውን ከነስልካቸውና ከነችግራቸው ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ አስቀመጥኩት። የመስጊዱ ሸኽ "ልጄ፣ መዝገቡን የት አደረግኸው?" ሲሉኝ "ደመና ላይ ነው" አልኳቸው። ፈገግ ብለው "ደመናውስ የማን ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስሙ ያታልላል እንጂ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። ክላውድ ማለት የአንድ ኩባንያ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት፣ ብዙ ጊዜም በሌላ አገር የሚገኝ አዳራሽ ነው። እዚያ ያኖርነው ሁሉ በሰው እጅ ያለ አማና ነው። በዚህ አማና ላይ የሚያደባው ደግሞ ተራ ሌባ ብቻ አይደለም፤ መንግሥታት ያሰማሯቸው ሰርጎ ገቦችም አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሆነውን እናስታውስ። መነሻቸው ቻይና ነው የተባሉ ሰርጎ ገቦች የማይክሮሶፍት ኩባንያን አንድ የማረጋገጫ ቁልፍ በእጃቸው አስገቡ። ቁልፉ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው፤ እርሱን የያዘ ሰው ሐሰተኛ የይለፍ ወረቀት እያተመ ይገባል። በዚህም የ22 ድርጅቶችና ከ500 በላይ ሰዎች የኢሜይል ሳጥን ተከፈተ። ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ብቻ 60,000 ያህል መልእክቶች ተወሰዱ። ቻይና ክሱን አስተባብላለች። ነገሩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት ቦርድ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ጥቃቱ ሊገታ ይችል እንደነበር ገልጾ ኩባንያውን ወቅሷል። ልብ በሉ! የተዘረፉት ሰዎች በራቸውን ቆልፈው ነበር። የተሰረቀው የዘበኛው ማኅተም ነው።

"ይህ የኃያላን ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?" የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዘን ላብ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር ይሠሩ በነበሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ የስለላ ፕሮግራም ለማስገባት ተሞክሮ እንደነበር ገልጿል። ኮምፒውተሩ ከተያዘ ደግሞ ባለቤቱ በእርሱ የሚከፍተው ማከማቻ ሁሉ አብሮ ይጋለጣል።

ታዲያ በአላህ ተወክለናል ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ግመሉን ለቅቆ ይወከል እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲወከል እንዳዘዙት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ተወኩል ገመዱን አያስጥልም።

የአማና ጠባቂነትንም ከእርሳቸው እንማር። ነቢዩን የተቃወሙት የመካ ሰዎች ሳይቀሩ ንብረታቸውን በእርሳቸው ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። ቁረይሾች ሊገድሏቸው በዶለቱ ጊዜ፣ ነፍሳቸው በአደጋ ላይ ሳለች፣ አማናውን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) መካ አስቀርተው ተሰደዱ። አሳዳጅ መንግሥትም ይሁን ተራ ሌባ፣ የጠላት መኖር ለአማና ጠባቂ ምክንያት አይሆነውም። ገንዘብ ተቀብለው የሰውን ምስጢር የሚያስቀምጡ ኩባንያዎችም በዚህ ሚዛን ይመዘናሉ። እኔም እመዘናለሁ፤ የእነዚያን እናቶች ምስጢር የተረከብኩት እኔ ነኝና።

ክላውድ ሐራም ነው ማለቴ አይደለም፤ ወረቀትም ይቃጠላል፣ ይሰረቃልም። ግን ያን ዕለት ማታ መዝገቡን ከክላውድ አወረድኩት። ስምና በሽታ የሰፈረበት ወረቀት በመስጊዱ ካዝና ተቆለፈበት። ክላውድ ላይ የቀረው ቁጥርና የገንዘብ ልክ ብቻ ነው፤ እርሱም ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አይከፈትም። ማኅተሙ ዳግም ቢሰረቅ እንኳ ሌባው የአንዲት እናት ስም አያገኝም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ክፈቱና እዚያ ውስጥ የማን ምስጢር እንዳለ ተመልከቱ። የእናንተ ብቻ ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው። የሌላ ሰው ከሆነ ግን ነገ በአላህ ፊት የምትጠየቁበት አማና ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም