መሥራት ያልፈለገና መሥራት ያቃተው

በወጣቶች ኅብረታችን ሥራ ላጡ ወገኖች እንጾማለን፣ እንጸልያለን። ሥራው ሲገኝ ምስክርነት ይሰማል፣ እልልታው ይቀልጣል። ጥሩ ነው። ግን ያ የመሰከረ ወጣት ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀት አላስቀምጠው ብሎ ሥራውን ቢለቅስ ለማን ይናገራል? እልል ላልነው ለእኛ? አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አይናገርም። ጠዋት እንደ ሠራተኛ ለባብሶ ከቤት ይወጣል፣ ቀኑን ሲዞር ውሎ ማታ ይገባል። ወይም ደግሞ ከኅብረቱ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ እኛም «በረደ» እንላለን።

ስለዚህ ጥያቄውን በግልጽ እናንሳው። በጭንቀት ምክንያት ሥራ ላይ መቆየት ያቃተው ሰው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት በደለኛ ነው?

«አዎን» ለማለት የሚቸኩሉ ሁለት ቦታዎችን ይጠቅሳሉ። አንደኛው ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ስለ ሥራና ስለ እንጀራ የጻፈው ነው። ነገር ግን ጳውሎስ እዚያ የከሰሰው ለመሥራት የማይወደውን ሰው ነው። የግሪኩም ቃል ስለ ፈቃድ የሚናገር ነው። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ካነበባችሁ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ሥራ ትተው በሰው ጉዳይ ሲገቡ የሚውሉ እንደ ነበሩ ታያላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ነገው ሥራ ሲገላበጥ የሚያድር ልጅ በዚያ ክስ ውስጥ የለበትም።

ሁለተኛው ፊልጵስዩስ 4፥6 ነው፤ አለመጨነቅን የሚያዝዘው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። ጳውሎስ በዚያው መልእክት 2፥20 ላይ ጢሞቴዎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የሚያስብላቸው መሆኑን ሲያመሰግን የተጠቀመበት የግሪክ ግስ ያው ራሱ ነው። በሁለተኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ስለ አብያተ ክርስቲያናት ዕለት ዕለት የሚከብደውን ሲናገርም የዚያው ቃል ዘመድ ይመጣል። ስለዚህ ትእዛዙ «ጭንቀት ከተሰማህ እምነት የለህም» የሚል ፍርድ ሊሆን አይችልም። የሚጨነቀውን ሰው ወደ ጸሎት የሚጠራ ግብዣ ነው፤ ጋባዡም በእስር ላይ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ነው።

አንዲት እኅት አውቃለሁ። በአካውንቲንግ የተመረቀች፣ ቁጥር የማይስታት ልጅ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ትላንት የሠራችውን ሒሳብ እንደገና ትደምር ነበር። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ስልኳ በጠራ ቁጥር አለቃዋ ሊያባርራት የደወለ ይመስላታል። አንድ ቀን ቢሮው ሳትደርስ መንገድ ላይ ወረደች። ወዲያው ቀለላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ወረደች። የሙከራ ጊዜዋን 60 የሥራ ቀናት ሳትጨርስ ሥራው ቀረ።

ሰዎች «ሰነፍ» አሏት። እኔ ከእርሷ ይልቅ ትጉህ ሠራተኛ በቀላሉ አላገኝም። ያደከማት ስንፍና ሳይሆን ያ እፎይታ ነው። ከሚያስፈራን ነገር በሸሸን ቁጥር የሚመጣው እፎይታ ሰውነታችንን አንድ ነገር ያስተምረዋል፦ «የዳንኸው ስለሸሸህ ነው» ይለዋል። ስለዚህ በማግሥቱ ፍርሃቱ አድጎ ይጠብቃል። ሐኪሞች ይህን ቋጠሮ የሚፈቱት በጥቂት በጥቂቱ ወደሚያስፈራው ነገር በማስጠጋት፣ ሐሳብን በመመርመር፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃልና በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል አይገባም። (ሳልረሳው፦ ልባችሁ እየመታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳትሉ የምትጠጡ ወገኖች፣ ቡናው ምልክቱን ሊያብሰው እንደሚችል እወቁ።)

እንግዲህ «ሕመም ነው፤ ኃላፊነት የሚባል ነገር የለበትም» እንበል? በዚህም አልስማማም። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ሰውየውን አልጋው ላይ ይተወዋል። ሥራውን መሸከም ያልቻለ ሰው ያለበት ግዴታ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ስምንት ሰዓት ቢሮ መቀመጥ ባይችል እውነቱን ለአንድ ሰው መናገር ይችላል። ስልክ አጥፍቶ ከመሰወር «ታምሜአለሁ» ብሎ መልእክት መላክ ይችላል፤ ባልደረባው የእርሱን ሥራ ደርቦ እየሠራ ነውና። ሐኪም ዘንድ መሄድም ይችላል። አማኑኤል ሆስፒታልን የስድብ ስም ያደረግነው እኛ ነን፤ ለጨጓራ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ አማኝ ለአእምሮው ቢሄድ እምነቱ አይጎድልም። የሕክምና ማስረጃ ደግሞ በሕግም ይረዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ይህን ሳያውቁ በአንድ ሌሊት መልቀቂያ የጻፉ ስንት ናቸው!

የኤልያስን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና ልተወው። ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ዘኍልቍ 11 ነው። ሙሴ ሥራው ከበደው። ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም አለ፤ እንዲያውም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር «ሰነፍ» አላለውም። «በቃህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ብሎም አላሰናበተውም። ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ አለው፤ ሸክሙን ከእርሱ ጋር እንዲሸከሙ። ሙሴ በሥራው ላይ ቆየ፣ ሸክሙ ግን ተከፈለ።

የሎንዶኑ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀንም እንዲህ ያለ ጉባኤ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1856፣ በ22 ዓመቱ፣ በሚሰብክበት አዳራሽ አንድ ሰው «እሳት!» ብሎ ጮኾ ሕዝቡ ሲጋፋ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ስፐርጀን በጣም ተሰበረ፤ የመንፈስ ጭንቀቱ ዕድሜውን ሙሉ እየተመላለሰ ያገኘው ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት በአውሮፓ የብርድ ወራት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ ሜንቶን፣ እየሄደ ያርፍ ነበር። ጉባኤው ግን እስከ ሞተበት እስከ 1892 ድረስ መጋቢው አድርጎ ያዘው።

ያቺ እኅት ሸክሟን የሚካፈሏት ሰባ ሽማግሌዎች የሏትም። ሰባ እንኳ ባይሆኑ ሁለት ሰው ይበቃት ነበር፦ ጠዋት ታክሲ አብሯት ተሳፍሮ እስከ ቢሮው በር የሚሸኛት አንድ፣ የሕክምና ቀጠሮዋን የሚያስታውሳት አንድ። በጉባኤያችን ውስጥ ደግሞ ሱቅ ያላቸው፣ ማተሚያ ቤት ያላቸው፣ ትምህርት ቤት የከፈቱ ወገኖች አሉ። በሚቀጥለው የጸሎት ፕሮግራም «ሥራ ይስጣት» ብለን ከመጸለያችን በፊት እነርሱን ብንጠይቅስ? በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለግማሽ ቀን፣ ሒሳብ የምትይዝ ጠንቃቃ ልጅ የሚፈልግ ማን አለ?