«ቀደር ነው» የማን ቃል ነው?

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ለማውራት ትንሽ አፍሬ ነበር። ግን ደርስ ላይ ስለ ቀደር ሳስተምር ከኪታብ ያልገባኝ ነገር በረሃ አሸዋ ላይ ስለገባኝ፣ ቢጠቅማችሁ ብዬ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ወር ዱባይ የሚሠራውን የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሞተር እንደምወድ ያውቃል። ወሎ ገጠር ውስጥ ከአንዱ መድረሳ ወደ ሌላው ስመላለስ ለዓመታት የነዳሁት ሞተር ነው። እናም «አንድ ቀን ልጋብዝህ» ብሎ በመንገድ መሪ የሚካሄድ የበረሃ የሞተር ጉዞ ላይ አስመዘገበኝ። ቦታው ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው አል በዳየር ነው። አሸዋው ውስጡ ባለው የብረት ዝገት የተነሳ ቀይ ነው። እዚያ ያለውን ትልቁን የአሸዋ ተራራ ሰዉ «ቢግ ሬድ» ይለዋል።

ፈጅር ሰግደን ወጣን። ስድስት ነጂዎች ነበርን። መንገድ መሪው ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ የወደቀ የሚያነሳ፣ የጠፋ የሚፈልግ አንድ ሠራተኛ። ከፔሻዋር የመጣ ወጣት ነው። ከመነሳታችን በፊት ሁላችንም ወረቀት ፈረምን፤ ብንጎዳ ድርጅቱን ላንጠይቅ። ከዚያ መሪው የጎማችንን ንፋስ ቀነሰልንና ሦስት ሸርጥ አስቀመጠ። አንደኛ፣ የእኔን ጎማ ዱካ ተከተሉ። ሁለተኛ፣ በመካከላችሁ ርቀት ጠብቁ። ሦስተኛ፣ እኔ አልፌ እጄን ሳላነሳ ማንም ሰው የአሸዋ አናት እንዳይሻገር።

ምክንያቱንም አስረዳን። የአሸዋ ተራራ ሁለት ፊት አለው። ንፋስ የሚመጣበት ፊት ዘንበል ያለና ጠንካራ ነው፤ ሞተር ይሸከማል። በጀርባው ያለው ግን ቁልቁል ነው፣ ከ30 ዲግሪ በላይ፤ አሸዋውም ልል ነው። ስትወጣው ጀርባው አይታይህም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ደግሞ ጥላ ስለማይኖር ጉድጓዱም ሜዳውም አንድ ይመስላል። ብርሃኑ በበዛ ሰዓት ነው ዓይን የሚሸወደው።

እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ድረስ ሸርጡን ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ግን ልቤ አበጠ። ቆሞ መንዳቱን፣ ክብደትን ወደ ኋላ መጣሉን፣ አሸዋ ላይ ነዳጅ አለመቀነሱን ለመድኩት። «ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ። መሪው በግራ በኩል ሲዞር እኔ በቀኝ በኩል ያለውን አናት አየሁት፤ አማረኝ። ዱካውን ለቅቄ ወጣሁ፤ እጅ ሳይነሳልኝ ተሻገርኩ።

ከጀርባው ገደል የመሰለ ቁልቁል ነበር። ሞተሩ ወደ አንድ በኩል፣ እኔ ወደ ሌላ በኩል። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩም። ግን ከመነሳቴ በፊት የሞተር ድምፅ ከላይ ሰማሁ። ያ የፔሻዋሩ ልጅ ከመንገድ ስወጣ አይቶ ሥራው ነውና ተከትሎኝ መጥቷል። አናቱን ሲሻገር እኔን ከፊቱ ተዘርሬ አየኝ። እንዳይረግጠኝ ሞተሩን ወደ ጎን ጣለው፤ ራሱም ወደቀ። የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «አንተ ደህና ነህ?» ብሎ ነው። ከዚያ እጁን ይዞ ፈገግ ለማለት እየሞከረ «ቀደር ነው» አለ። እኔም ቶሎ ብዬ «አዎ፣ ቀደር ነው» አልኩ። እንዴት ቀለል እንዳለኝ አልነግራችሁም።

ማታ ካምፑ ላይ መሪው የአደጋ ቅጽ ሲሞላ ጠራኝ። እሱ ከፊት ስለነበር የሆነውን አላየም። «እንዴት ነው የሆነው?» አለኝ። «ሁሉም በድንገት ሆነ» አልኩት። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ ግን የሠራው የውሸትን ሥራ ነው። ቅጹ ላይ ሠራተኛው ርቀቱን እንዳልጠበቀ ተጻፈ። አየሁት። ዝም አልኩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋጋ ደሴ ያሉት ኡስታዜ ጋር ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጁ ቀደር ነው ብሎ ትቶልኛል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ እሱ ነው የተወልህ ወይስ አንተ ነህ ለራስህ የተውክለት?» አሉኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እዚህ ጋ ትንሽ እንቁም። «ታዲያ ቀደር አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ነው እንጂ! አንድ ቅጠል እንኳ ያለ አላህ ዕውቀት አይወድቅም፤ የእኔም መውደቅ፣ የልጁም እጅ መሰበር ተጽፏል። ነገር ግን እኔ የሞተሩን መሪ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ የተጻፈውን አንብቤ አልነበረም። የጠመዘዝኩት ስላማረኝ ነው። ዑለሞች ያስቀመጡት ትልቅ ቃኢዳ አለ፤ ቀደር ለሙሲባ ማስረጃ ይሆናል፣ ለጥፋት ግን አይሆንም። የደረሰብህን ነገር «ቀደር ነው» ብለህ ትታገሳለህ። የሠራኸውን ነገር ግን «አጥፍቻለሁ» ብለህ ትመልሳለህ። ያን ቀን በረሃው ላይ አንድ ክስተት ነበር የሆነው፤ ለእሱ ሙሲባ፣ ለእኔ ጥፋት። ቃሉ የእሱ ነበር፤ እኔ ወሰድኩበት።

ሸሪዓችንም ይህንን ይለያል። በስህተት ሰው የገደለ ሰው፣ ሳያስብ እንኳ፣ ደያ እና ከፋራ አለበት። ሳያስብ የሰው ንብረት ያበላሸ ይተካል። «የአላህ ፈቃድ ነው» ማለት ዕዳውን አያነሳም። እኔ የፈረምኩት ወረቀት ድርጅቱን ከእኔ የሚጠብቅ ነበር። እኔን ከዚያ ልጅ ሐቅ የሚጠብቀኝ ወረቀት ግን ማንም አላስፈረመኝም፤ የለምም።

ሌላም ነገር አስቡ። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያህል በአላህ የተመካ ሰው የለም። ግን ለሂጅራ ሲነሱ፣ በ622፣ እሳቸውና አቡበክር (ረ.ዐ) ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ የሚባል መንገድ የሚያውቅ ሰው ቀጠሩ፤ ያኔ ሙስሊም እንኳ አልነበረም። ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ ጋ ተገናኙና በባሕሩ ዳርቻ በኩል በመራቸው መንገድ ሄዱ። ተወኩል ማለት የመንገድ መሪን ዱካ መናቅ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ባልቀጠሩ። እኔ ዱካውን ስለቅ ድፍረት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ደግሞ ተወኩል አስመሰልኩት። ሁለቱንም አልነበረም። ኩራት ነው የነበረው።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ የሙሳንና (ዐ.ሰ) የኸድርን ታሪክ በዚህ ዓይን እዩት። እዚያም መሪ አለ፣ ተከታይ አለ፣ ሸርጥ አለ። ሙሳም (ዐ.ሰ) ሸርጡን ሳይጠብቁ ቀሩ። ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ጀልባዋ ሰዎች ተጨንቀው ነው፤ ጀልባዋ ባሕር ላይ ሠርተው የሚኖሩ ሚስኪኖች ነበረች። ሸርጡን እንዳፈረሱ ሲነገራቸው ደግሞ በቀደር አላመካኙም። መርሳታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። በሁለተኛው ጊዜ «ከዚህ በኋላ ብጠይቅህ ልትለየኝ ትችላለህ» የሚል ሐሳብ ራሳቸው አቀረቡ፤ የጥፋታቸውን ዋጋ ራሳቸው ተናገሩ። ነቢይ ለለፍቶ አዳሪ ብለው ሸርጥ አፈረሱና ጥፋታቸውን አመኑ። እኔ ለጨዋታ ብዬ ሸርጥ አፍርሼ በለፍቶ አዳሪ ላይ ጫንኩት።

ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ጋር ካምፑ ተመለስን። ለመሪው እውነቱን ነገርኩት፤ ተቆጣኝ፣ ሐቁ ነው። ቅጹም ተስተካከለ። ከዚያ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ክፍል ሄድን። ልጁ እጁ በጄሶ ታስሮ ተቀምጧል። የሚከፈለው በወጣበት ቀን ልክ ነው፤ ጄሶው እስኪፈታ ገቢ የለውም። ያንን የሚሸፍን ገንዘብ አቀረብኩለት፤ ከፊሉ የእኔ ነው፣ ከፊሉን ከአክስቴ ልጅ ተበድሬ ነው። «አይሆንም፣ እንግዳ ነህ» አለኝ። «ይህ ሰደቃ አይደለም፣ ሐቅህ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለመሪውም ነግሬዋለሁ» አልኩት።

ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ተቀበለኝና «አሁን ዐፍው ብዬሃለሁ» አለኝ።

«ትናንትስ?» አልኩት።

«ትናንት ደንበኛ ነበርክ።»

እስከ ዛሬ የማልረሳው ይህንን ቃል ነው። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ይቅርታ ሲሰጠን ይቅርታ መስሎን እንሄዳለን። የቤት ሠራተኛችን፣ በድህነቱ የሚፈራን ዘመዳችን፣ ሥራውን የሚሰጋ ተቀጣሪ፣ ታናሽ ወንድማችን «ምንም አይደለም» ሲሉን ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቀናል ወይ? ደንበኛ ሆነን ያገኘነውን ዐፍው ቂያማ ቀን፣ ደንበኛና ሠራተኛ በሌለበት፣ ይዘን እንቀርባለን ወይ?

እንዳትሳሳቱ፤ ሞተር መንዳት፣ በረሃ ማየት፣ መጫወት ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈረስ ያወዳድሩ ነበር። ወጣት ናችሁ፤ ውጡ፣ ንዱ፣ የአላህን ምድር እዩ። ብቻ ከመጠምዘዛችሁ በፊት «ከኋላዬ ማን አለ? ብወድቅ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?» በሉ። ሄልሜት የሌለው ጓደኛውን አፈናጥጦ አስፋልት ላይ የሚበር ሰው፣ የተበደረውን ሳይመልስ «ሪዝቄ አልሆነም» የሚል፣ ያልተጣራ ወሬ አሰራጭቶ የሰው ስም ካጠፋ በኋላ «ተጽፎበት ነው» የሚል፣ ሁሉም እኔ በረሃው ላይ ያልኩትን ነው የሚለው።

እናም ዛሬ ከሰላት በኋላ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። «ቀደር ነው» ብላችሁ የዘጋችሁትን አንድ ጉዳይ አስታውሱ። የተጎዳችሁት እናንተ ከሆናችሁ ሰብር አድርጉ፤ አጅራችሁ አላህ ዘንድ ነው። የጎዳችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ቃሉን ለባለቤቱ መልሱና ስልክ አንስታችሁ ደውሉ።

አላህ ጥፋታችንን የምናምን፣ የሰው ሐቅ ሳይኖርብን የምንገናኘው ያድርገን። ኣሚን። በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ። ወሰላሙ ዐለይኩም።