ቅርስና ዋጋ፤ በአንዲት የታደሰች ቮልስ ምክንያት

ሰው መሣሪያን ሠርቶ፣ በመሣሪያው ተፈጥሮን ገርቶ፣ ኑሮውን ያሻሻለ ፍጡር ነው። ይሁን እንጂ የሠራው ዕቃ ከእጁ ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ተመልሶ በሠሪው ላይ ጥያቄ ያነሣል። የማን ነኝ? ለምን አገልግሎት እኖራለሁ? በስንትስ እለወጣለሁ? ይላል። ከሦስቱ ጥያቄዎች የመጨረሻውን ገበያ በቁጥር ይመልሰዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ለኅሊና የተተዉ ናቸው። ይህ አጭር ሐተታ እነዚያን ሁለቱን ለመመርመር ይሞክራል። ለምርመራው መነሻ የሚሆነንም ከአዲስ አበባ ጎዳና ጨርሶ ያልጠፋ ተራ ነገር ነው፤ ታድሳ የቆመች አንዲት አሮጌ ቮልስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራች ቮልስዋገን አለቻቸው። መኪናዋ በግቢያቸው ጥግ ለብዙ ዘመን ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁባት ከኖረች በኋላ፣ ከአበላቸው እየቆነጠሩ በስድስት ዓመት ውስጥ አሳደሷት። ሞተሯን አውርዶ የፈታው፣ ካርቡራተሯን አጥቦ የገጠመው፣ ፍሪሲዮኗን የለወጠው አንድ የሰፈር መካኒክ ነው። የዛገውን ፓራፋንጎ እየቆረጠና እየበየደ፣ በመዶሻም እየቀጠቀጠ ወደ ጥንት ቅርጹ የመለሰው ደግሞ በዕድሜ የገፋ ባትላሜራ ነው። ሁለቱም የድካማቸውን ሙሉ ዋጋ አልጠየቁም፤ ሥራው ራሱ ደስ ብሏቸው፣ የሽማግሌውንም ፍቅር አይተው፣ በእኩሌታ ሠሩ።

ዛሬ መኪናዋ ቁልፍ ሲዞርላት ትነሣለች። ገዢዎችም ቀርበዋል። አንደኛው ባለካፌ ነው፤ ሞተሯን አውጥቶ፣ አካሏን በበሩ ላይ ለጌጥ ሊያቆማት ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ሊነዳት የሚሻ ወጣት ነው፤ የሚሰጠው ግን ከመጀመሪያው ያንሳል። በሌላ በኩል የመምህሩ የመጨረሻ ልጅ በግል ኮሌጅ የጀመረችው ትምህርት ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ክፍያውም ከአበላቸው በላይ ነው። ይሽጡ ወይስ ያቆዩ? ቢሸጡስ ለማን?

የኅሊናን ጥያቄ ከተጨባጩ ሁኔታ ነጥሎ መመርመር ወደ ባዶ ስብከት ይወስዳል። ስለዚህ በመጀመሪያ አሮጌ መኪና በአገራችን ለምን ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው እንይ። በኢትዮጵያ አውቶሞቢል መጓጓዣ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከውጭ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ከባድ ቀረጥም የሚከፈልበት ዕቃ በመሆኑ፣ የገዛው ሰው በየዓመቱ ዋጋው ሲቀንስበት አያይም፤ እንዲያውም እንደ ቤትና እንደ ወርቅ ገንዘቡን ያስቀምጥበታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ከፍ የሚል ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። እንግዲህ በመምህሩ ግቢ የቆመችው ብረት ዋጋዋን ያገኘችው ከመካኒኩ መፍቻና ከባትላሜራው መዶሻ ብቻ አይደለም፤ ከኅብረተሰቡ አጠቃላይ የኢኮኖሚ ሁኔታም ነው። ባለቤቱ ብቻውን ያልፈጠረውን ዋጋ ብቻውን ሊወስን ሲነሣ፣ የሚያመነታው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቋንቋችንም ይህን ማመንታት ያውቀዋል። «ቅርስ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አባቶቻችን «ቅርስ አለው» ሲሉ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት አለው ማለታቸው ነበር። ዛሬ ግን ቃሉን የምንሰማው ይበልጡን ስለ ሐውልት፣ ስለ ብራና፣ ስለ ጥንታዊ ሕንፃ ሲነገር ነው፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የሚናገረው ስለዚሁ ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ይኖራሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅርስ ችግር ሲመጣ እንዲወጣ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው ምንም ችግር ቢመጣ እንዳይነካ የተጠበቀ ነው። የመምህሩ ጭንቀት ሌላ ምንም አይደለም፤ ቮልሷ ከሁለቱ የትኛው ቅርስ እንደሆነች ለይቶ የማወቅ ጭንቀት ነው።

ሊሸጥ የማይገባው ነገር መኖሩን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያምናል። ርስት ከዘር ወደ ዘር የሚተላለፍ እንጂ አንዱ ትውልድ በልቶ የሚጨርሰው አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ መሬትን ከገበያ አስወጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለ ፖሊሲው ክርክሩ ዛሬም አላቆመም፤ ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከሥሩ ያለው ሐሳብ ነው። ያዢው ባለአደራ የሆነበት፣ ያልተወለዱ ባለመብቶች ያሉበት ነገር አለ። ብራና የያዘ ካህን፣ ታቦት የሚጠብቅ ደብር፣ ሁሉም ባለአደራ ናቸው። ቮልሷስ?

ታሪኳን ብናይ መልሱን ለማግኘት ይቀልለናል። ይህች መኪና የተፀነሰችው በናዚ ጀርመን ነው። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሸ ሲሆን፣ የፋብሪካዋ የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1938 ተጣለ። ሠራተኛው ሕዝብ በየሳምንቱ ቴምብር እየገዛ እንዲቆጥብ፣ ቆጥቦም መኪና እንዲወስድ ተነገረው፤ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ቆጠቡ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ግን መኪናዋን ያገኘ ቆጣቢ አልነበረም። ፋብሪካው ለጦር መሣሪያ ሥራ ዋለ፤ በግዳጅ የተጋዙ ሠራተኞችና የማጎሪያ ጣቢያ እስረኞችም ደከሙበት። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ በእንግሊዛዊው መኮንን በኢቫን ኸርስት አመራር ፋብሪካው ለሰላማዊ ምርት ተከፈተ። የመጨረሻዋ የዚህ ዓይነት መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከተማ ስትወጣ፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር።

በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ውኃ አትጠይቅም፤ በዚህም ለዳገቱም ለኪሱም ተስማሚ ሆና የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው መኪና ሆነች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። የባሪያ ጉልበት የፈሰሰበት ፋብሪካ፣ የተታለለ ቆጣቢ፣ የወረደ ንጉሥ፣ የጡረተኛ መምህር፤ ሁሉም በአንድ ቅርጽ ዙሪያ ይገናኛሉ። ከዚህ የምንማረው ዕቃ በራሱ ቅዱስም ርኩስም አለመሆኑን ነው። ትርጉሙን የሚያገኘው በዙሪያው ካሉት ሰዎች ግንኙነት ነው። ስለዚህ የመምህሩን ጥያቄ የምንፈታው ብረቱን በማየት ሳይሆን በብረቱ ዙሪያ የቆሙትን ሰዎች በመቁጠር ይሆናል።

አሪስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ፣ ጫማ ሁለት አገልግሎት እንዳለው አስተምሯል፤ ይጫሙታል፣ ይለውጡታልም። ከብዙ ዘመን በኋላ ካርል ማርክስ ይህን መነሻ ይዞ የሸቀጥን ምሥጢር መረመረ፤ ከልውውጡ ጀርባ የሰው ጉልበት መኖሩንም አሳየ። የመምህሩ ቮልስ ለስድስት ዓመት ሸቀጥ አልነበረችም፤ የመካኒኩና የባትላሜራው ግማሽ ድካም ያለ ክፍያ የገባባት ውለታ ነበረች። ውለታ ደግሞ ከደመወዝ የተለየ ነው። እነዚህ ሰዎች የቀረውን ዋጋ የተዉት መኪናዋ ለሽማግሌው እንድትነሣላቸው ብለው እንጂ ለትርፍ እንድትውል ብለው አልነበረም። መኪናዋ ወደ ብር በተለወጠችበት ቀን የውለታው ምክንያት አብሮ ይለወጣል። ያን ጊዜ ተመልሶ የቀረውን ዋጋ የማይከፍል ሰው፣ ሕግ ባይጠይቀውም፣ የሌላውን ጉልበት ወደ ራሱ ኪስ አዛውሯል። ይህ የመጀመሪያው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የማንነት ነው። አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስለ ኖሩ፣ ፈላስፎች «ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ እንደ ተከራከሩ ፕሉታርክ ጽፏል። ለእኛ ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሣሩ በየጊዜው ይከደናል፤ ምሰሶውም ሲበላ ይለወጣል። ሆኖም «ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል ምእመን የለም፤ ምክንያቱም ቅዳሴው አልተቋረጠም። የነገር ማንነት ከግንዱና ከሣሩ ይልቅ ባልተቋረጠው አገልግሎት ይጸናል። በዚህ መለኪያ፣ ፓራፋንጎዋና ፍሪሲዮኗ የተለወጠው ቮልስ በጎዳና ላይ እስከ ሄደች ድረስ ያቺው ናት፤ ሞተሯ ወጥቶ በካፌ በር ላይ የቆመችው ግን ምንም ቢያምርባት ምስሏ ብቻ ናት። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ለሚነዳት መሸጥ ለሚያቆማት ከመሸጥ ይሻላል።

ሌላው ሁሉ ግን እኩል አይደለም። የመምህሩ ባለቤት ስለ ቴሴዎስ መርከብ ሳያነቡ የነገሩን አንጓ ያዙት። «ለብረት ስድስት ዓመት ታገሥን፤ ለልጅ ሁለት ዓመት እንዴት ያቅተናል?» አሉ። ይህ ንግግር ለቮልሷ ከቀረበው ጥብቅና ሁሉ የበረታ ነው። ዕድሜውን የሰው ልጅ በማስተማር ያሳለፈ ሰው፣ ያለፈ ዘመኑን የሚያስታውሰውን ዕቃ ለማቆየት ሲል የልጁን ትምህርት ቢያቋርጥ፣ ትዝታውን ያከበረ ይመስለዋል እንጂ የትዝታውን ፍሬ ነገር ጥሏል። የራስን ጉብዝና ለመንከባከብ የሌላውን ነገ መያዣ ማድረግ ነውና።

«እንዲህ ከሆነ ችግር በመጣ ቁጥር ሁሉ ነገር ይሸጣል ማለት ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። አይደለም። ብራናው ከተሸጠ የሚተካው የለም፤ ባለመብቱም ከያዢው በላይ ሰፊ ነው። ቮልሷ ግን ከ21 ሚሊዮኖች አንዷ ናት። በእርሷ ውስጥ ሊተካ የማይችለው ነገር የሰዎቹ ሙያ ነው፤ የዛገን ቆርቆሮ አይቶ የጥንት ቅርጹን የሚያስታውስ የባትላሜራ እጅ፣ ድምፅ ሰምቶ የሞተርን ሕመም የሚለይ የመካኒክ ጆሮ። በነዳጅ የሚሠራው መኪና ከጎዳና እየቀነሰ ሲሄድ፣ በእውነት ሊጠፋ የተቃረበው ቅርስ ይህ ነው። ይህን ቅርስ መኪናዋን ቆልፎ በማስቀመጥ አናድነውም። ለሙያው ተገቢ ዋጋ ብንከፍል፣ ባለሙያውም ረዳት ቀጥሮ የሚያስተምርበትን አቅም ቢያገኝ ግን እናድነዋለን።

እንግዲህ ከምርመራችን የሚወጣው ሥርዓት ይህ ነው። ችግሩ ወለሉን ይወስን። የልጅቱ የሁለት ዓመት ክፍያና የሁለቱ ሠራተኞች ቀሪ ዋጋ ተደምሮ፣ ወጣቱ የሚሰጠው ገንዘብ የሚበቃ ከሆነ፣ መምህሩ ከፍ ያለውን ዋጋ ትተው ለሚነዳት ቢሸጡ መብታቸው ነው፤ ከወለሉ በላይ ያለውን ለፍቅራቸው ሊያውሉት ይችላሉ። የማይበቃ ከሆነ ግን ለባለካፌው ይሽጡ፤ አይፈሩም። ከሁሉም በፊት ሁለቱን ሠራተኞች ጠርተው ያማክሩ፤ ባለድካም ሳይጠየቅ በድካሙ መወሰን የጌታና የሎሌ ዘመን ልማድ ነው። ለገዢውም እውነቱን ይንገሩ፤ ከቀለሙ በታች ስቱኮ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ያሳዩ። ከዚህ ሥርዓት አንዱ ቢጎድል ሽያጩ ይከፋል፤ ሁሉም ቢሟላ ግን መሸጡ ከማቆየቱ ያላነሰ ታማኝነት ነው።

ይህ ጉዳይ ከመኪና አልፎ ወደ እኛ ወደ ኪነ ጥበብ ሰዎች ይመጣል። ሠዓሊው ሥዕሉን ሲሸጥ፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ድርሰቱን ለአዘጋጅ ሲያስረክብ፣ ያው ጥያቄ ይጠብቀዋል። በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የቀረ ተውኔት ማንም አላበላሸውም፤ ማንም ደግሞ አልኖረበትም። በመድረክ ላይ ሲወጣ የመብራት ሠራተኛውም፣ ተዋናይዋም፣ ተመልካቹም ይካፈሉታል፤ ደራሲውም ካሰበው የተለየ ነገር ሆኖ ሲያየው ቅር ሊለው ይችላል። ቅር እያለውም ቢሆን ማስረከብ አለበት። የሚያስረክበውን ግን ለማን፣ በምን ውል፣ ከማን ጋር ተካፍሎ እንደሚያስረክብ ጠይቆ የመወሰኑ ኃላፊነት ከእርሱ ላይ አይወርድም።

መምህሩ ይህን ጽሑፍ እስካዘጋጀሁበት ሰዓት ድረስ ቁርጣቸውን አልተናገሩም። የልጅቱ የምዝገባ ቀን ግን ተቆርጧል። ፍልስፍና የፈለገውን ያህል ጊዜ መውሰድ ይችላል፤ ሰው የሚወስነው ግን በቀን መቁጠሪያ ውስጥ ሆኖ ነው።