መስጠትና አብሮ መብላት

ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን በየወላጅ ስብሰባው የማይጠፋ ክርክር አለ። ለወንበር ወይም ለአጥር መዋጮ ሲጠየቅ አንዱ ተነሥቶ «የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ያሠራው» ይላል። ሌላው «ለደብራችን ስንሰጥ ማን አስገደደን?» ብሎ ይመልስለታል። ልቤ ከሁለተኛው ጋር ነው። እንደ ቁንዝላ ባለች የጣና ዳር ከተማ ስለ ክርስቲያን ወላጅ ደግነት ሳስብ ግን የሚከነክነኝ ገንዘቡ ሳይሆን ገበታው ነው።

የጎጃም ክርስቲያን የሰው ልጅ ማስተማር ያውቅበታል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በማርያም ስም ሲለምን ቁራሽ አይነፈግም ነበር። ቅኔውም ድጓውም ለዘመናት የዘለቀው በገበሬ እናቶች እንጀራ ነው። ይህን አላቃልልም። ሆኖም ቁራሹ አኮፋዳ ውስጥ ይገባል፤ ተማሪውም ወደ ጎጆው ይሄዳል። ሰጪና ተቀባይ ባንድ ገበታ መቅረብ አይጠበቅባቸውም።

የዛሬው ትምህርት ቤት ልጆቻችንን ባንድ ዴስክ ያስቀምጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ስለሚል፣ ወላጅ እምነቱን ወደዚያ ግቢ ይዞ የሚገባው በሥራው ነው። ሥራው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በነገደ ወይጦ ልጅ ይመስለኛል። ወይጦዎቹ፣ የጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሠሪዎቹና የድሮዎቹ ጉማሬ አዳኞች፣ ሙስሊም ነን ቢሉም ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ገበታ ሲነሣቸው ኖሯል።

«ይህ ጥላቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ሥርዓት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ሆኖም ወሎም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ሠርግ ያለበት ሰው ለሌላው እምነት እንግዶች በግ ለይቶ፣ በራሳቸው ሰው አሳርዶ ያበላል። መለየቱ ራሱ አክብሮት ይሆናል። እንግዲያው አብሮ አለመብላት ሁሉ ንቀት ነው ማለት አልችልም፤ ሳስበው ያነሣሁት ክስ ይጠባል። የሚቀረው ይህ ነው፦ ቢላ ያልነካው ምግብስ? ቆሎም ንፍሮም አይታረድም። ከወይጦ ቤት የመጣ ቆሎ የሚያስጠይፍ ከሆነ፣ የተጠየፍነው ሥጋውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ለዚህ የትኛውንም ሥርዓት መጥራት አይቻልም። ክርስቶስ ራሱ ከተናቁት ጋር በመብላቱ የታማ አይደለም እንዴ?

ታዲያ ወላጁ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ እርግጠኝነቴ ይቀንሳል። ለድሃ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ይቻላል፤ ደረሰኝም አለው። ልጄን «ከእገሌ ጋር ብላ» ብዬ ማዘዝ ግን ያንን ልጅ የእኔ የጽድቅ መለማመጃ ሊያደርገው ይችላል። የወይጦዋ እናትም ይህን አይታ «ተውልኝ» ብትል አልፈርድባት። ምናልባት ከእኛ የሚጠበቀው ከመስጠቱ ይልቅ መቀበሉ ይሆናል፤ ልጇ የያዘውን ቆሎ ለልጃችን ሲዘግንለት፣ እጁን ዘርግቶ እንዲቀበል አስቀድመን ምን ብለን እንዳሳደግነው ነው ጥያቄው። ይህን የሚወስን ስብሰባ የለም፤ ያለቀው ቤት ውስጥ ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት።