ስለ እምነት የጸና፣ ስለ ቀን ያልተጣላ

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ እውነትን አጥብቆ የያዘ ሰው ሰላምን ማጣቱ፣ ሰላምን የሚወድም እውነትን ማለዘቡ ግድ ነውን? ይህን ስጠይቅ የሊዮኑ ጳጳስ ቅዱስ ኢሬኔዎስ ትዝ ይለኛል።

ኢሬኔዎስ በልጅነቱ የሰምርኔሱን ጳጳስ ቅዱስ ፖሊካርጶስን የሰማ የታናሽ እስያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ177 በሊዮን ስደት ተነሥቶ ዕድሜው ከ90 ያለፈው ጳጳስ ጶቲኖስ በወኅኒ ሲሞት፣ መንበሩን ኢሬኔዎስ ተረከበ።

በዚያ ዘመን ግኖስቲካውያን የተባሉ መናፍቃን፣ ይህን ግዙፍ ዓለም የፈጠረው እውነተኛው አምላክ አይደለም፣ መዳንም የስውር እውቀት ባለቤቶች ድርሻ ነው ይሉ ነበር። ኢሬኔዎስ በወሬ አልፈረደባቸውም። ጽሑፋቸውን አነበበ፣ ከአንዳንዶቹም ጋር ተነጋገረ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ በአምስት መጻሕፍት መለሰላቸው። (ያላነበብነውን ለማውገዝ የምንቸኩል ይህን እናስተውል።) ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሥጋ የተናቀ ከሆነ ቃል ሥጋ ሆነ ማለት ከንቱ ነው፤ መዳን የጥቂት ዐዋቂዎች ከሆነም ፊደል ያልቈጠረችው እናት ተስፋ የላትም። ስለዚህ በዚህ አንዲት ስንዝር አላፈገፈገም፤ ሆኖም በሦስተኛው መጽሐፉ ስለ እነዚሁ ሰዎች መመለስ ይጸልያል።

እ.ኤ.አ. በ190 ገደማ ደግሞ ሌላ ጠብ ተነሣ። የእስያ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካን በኒሳን ወር 14ኛ ቀን፣ በየትኛውም ዕለት ቢውል ያከብሩ ነበር፤ ሮምና ሌሎች ብዙዎች ግን እሑድን ይጠብቃሉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቪክቶር እስያውያንን ከአንድነት ሊለይ ተነሣ። ኢሬኔዎስ ራሱ እሑድን የሚያከብር ሲሆን፣ ስለ እነርሱ ለቪክቶር ደብዳቤ ጻፈ። ከፋሲካ በፊት አንዱ አንድ ቀን፣ ሌላው ሁለት ቀን፣ ሌላውም ከዚያ በላይ እንደሚጾም፣ ሁሉም ግን በሰላም እንደሚኖሩ አስታወሰው።

እኛ ይህን የምንገለብጠው ይመስለኛል። በየቁምስናችን ስለ ጾም ሰዓትና ስለ ዜማ አጥብቀን እንከራከራለን፤ ድኻውን የሚያስንቅ ትምህርት በመካከላችን ሲገባ ግን ዝም እንላለን። የጾም ስሕተት ለዓይን ቅርብ ነው፤ የልብ ኑፋቄ ግን ትዕግሥትና ንባብ ይጠይቃል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን የመናፍቃን ተቃዋሚ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሲሰይሙት፣ የሰጡት ማዕረግ «የአንድነት ሊቅ» የሚል ነበር።

በዚያው ደብዳቤ ኢሬኔዎስ የመምህሩን ነገር ያነሣል። ፖሊካርጶስ በስተርጅናው ወደ ሮም ሄዶ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አኒቄጦስ ጋር ስለዚሁ ቀን ተነጋገረ፤ አንዱም ሌላውን ማሳመን አልቻለም። አኒቄጦስ ግን በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ቅዱስ ቁርባንን እንዲያሳርግ ለእንግዳው ክብሩን ለቀቀለት። ከዚያም እያንዳንዱ የራሱን ቀን እንደያዘ በሰላም ተለያዩ።