ምሥጢሩ ከማን ነው የሚሸሸገው?

አንድ መንግሥት ከሌላ መንግሥት ጋር የሚዋዋልበትን፣ የሚጣላበትንና የሚታረቅበትን ጉዳይ ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ ተነሥቶ «ለምን? በስንት? በማን ስም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሚኒስትሩ «ይህ የመንግሥት ምሥጢር ነው» ብሎ ቢመልስ መልሱ በቂ ነውን? እዚህ ረጃፍ ላይ ሰሞኑን በዚህ ነገር ስንከራከር ሰንብተናል። ክርክሩ ተበትኖ እንዳይቀር በዚህ በእጅ በሚገለበጥ ወረቀታችን ልናሰፍረው ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በዚህ አገር በሚሠራበት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የተነሣብን ተቃውሞ «ለማሽላ ተሰልፎ የሚውል ሰው ስለ ውጭ ጉዳይ ምን አገባው?» የሚል ነበር። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም መልስ ያሻዋል። በእኛ አስተያየት የውጭ ጉዳይ የሚባለው ነገር ከማንም ዜጋ ይልቅ የሚያገባው ስደተኛን ነው። ገበሬ በመሬቱ ላይ ሳለ መንግሥትን የሚያውቀው በግብርና በዳኛ ነው። እኛ ግን የምናድርበት መጠለያ፣ በኪሳችን ያለው ካርድ፣ የምናልፈው ኬላ፣ ወደ አገር መመለስና አለመመለሳችንም ጭምር፣ መንግሥታት የተስማሙበት ወይም ያልተስማሙበት ጉዳይ ነው። እነርሱ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነጋገሩት ነገር እኛ ዘንድ ሲደርስ ኑሮ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

መጠየቅ ለአገራችን ሰው ከፈረንጅ የመጣ ዕውቀት አይደለም። በድሮው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ፣ «ተጠየቅ» የተባለ ሰው መልስ ሳይሰጥ ዘወር ማለቱ እንደ መረታት ይቈጠርበት ነበር። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደ ሆነም የአገሩ ሰው አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ትልቅም ትንሽም ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን ሁሉ የፈጠረ ሕዝብ ግን በዚያው አንደበቱ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎአል። ስለ አንድ ስንዝር ወሰን ጎረቤቱን ዓመት ሙሉ ችሎት ለችሎት የሚያንከራትት ሰው፣ የአገር ወሰን ሲሰጥና ሲነሣ ግን «መንግሥት ያውቃል» ብሎ ይተኛል። ይህ አያስገርምምን?

ሕጉ እንኳ በዚህ ነገር ከልማዱ ይልቅ ወደ ፊት ሄዶ ነበር። በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የውጭ ግንኙነትን በጠቅላላው ለንጉሠ ነገሥቱ ቢሰጥም፣ የአገር ግዛት የሚለውጥ ወይም በሕዝብ ላይ ሸክም የሚጭን ውል ያለሁለቱ ምክር ቤቶች ፈቃድ እንዳይጸና ደንግጎ ነበር። በሕዝብ የተመረጡ እንደራሴዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በ1957 ነው። በ1974 ደርግ ፓርላማውን ዘጋው፤ ብሔራዊ ሸንጎ የሚባለው እስኪቆም ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። በ1977ና በ1978 የኦጋዴን ጦርነት ሲካሄድ፣ አገሪቱ ከአሜሪካ ወዳጅነት ወደ ሶቪየት ኅብረት ወዳጅነት ስትገለበጥ፣ ቆሞ የሚጠይቅ አንድም የተመረጠ ሰው አልነበረም። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 55 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለጥያቄ እንዲጠራ፣ የአስፈጻሚውን አሠራር እንዲመረምር፣ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን እንዲያጸድቅ፣ የጦርነት ዐዋጅም እርሱ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። ከጽሑፉ የጎደለ ነገር የለም። ጥያቄው ሥልጣኑ ሲሠራበት ምን ይመስላል የሚለው ነው፤ ለዚህም የ2006ቱ የሶማሊያ ዘመቻ ከሁሉ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ አግኝተነዋል።

በ2005ቱ ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547 መቀመጫ ውስጥ ከመቶ ሰባ በላይ አሸንፈው ነበር፤ ሁሉም ባይገቡም ብዙዎቹ ገብተዋል። ስለዚህ በኖቬምበር 2006 መንግሥት በሶማሊያው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ላይ አስፈላጊውን እርምጃ ለመውሰድ ፈቃድ ሲጠይቅ ቤቱ ዝም ብሎ እጁን አላወጣም። ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ አለፈ፤ ጥቂት የማይባሉ እንደራሴዎች ግን ድምፃቸውን ነፈጉት። ጦሩ በዲሴምበር ዘለቀ፣ ሞቃዲሾ ገባ፣ በጃንዋሪ 2009 ተመለሰ። ከዚያም በምክር ቤቱ ስንት ወታደር ሞተ፣ ስንትስ ቈሰለ የሚል ጥያቄ ቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ቤቱ ይህን ቁጥር ማወቅ አያስፈልገውም ብለው መለሱ።

ክርክራችን የጋለው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን በውትድርና የኖሩ ሰዎች ለመልሱ ጥብቅና ቆሙ። «ጠላት ይሰማል» አሉ። «የሟች ቁጥር በአደባባይ ከተነገረ ጠላት ይፎክርበታል፣ ወታደሩ ይሸበራል፣ ሁለተኛ ዘማች አይገኝም።» ይህን ቃል ማቃለል አይገባም፤ የተናገሩት ሰዎች ጥይት ያፏጨባቸው ናቸው። መቼ እንደሚዘመት፣ በየት በር እንደሚገባ፣ ስንት ታንክ እንዳለ የሚያውጅ መንግሥት የገዛ ልጆቹን ያስፈጃል፤ ይህንንም በሸንጎ ፊት ተናገር ብሎ የሚያስጨንቅ እንደራሴ ካለ አርበኛ አንለውም።

ነገር ግን ከመደረጉ በፊት ያለው ምሥጢርና ከተደረገ በኋላ ያለው ምሥጢር አንድ ስም ቢኖራቸውም ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከጠላት የተሸሸገ ነው። ሁለተኛውስ ከማን ነው? ሞቃዲሾ ላይ የተዋጋው ሰው የገደለውን ገምቶአል፤ ከጠላት ወገን የነበረ ሁሉ ሬሳውን በዓይኑ አይቶአል። ልጇ የሞተባት እናትም መርዶዋን ሰምታለች፤ እያንዳንዷ አንድ አንድ ታውቃለች። ድምሩን የማያውቅ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም ዘመቻውን በእንደራሴው እጅ የፈቀደው ሕዝብ ነው። እንግዲህ ምሥጢሩ የተጠበቀው ከጠላት አይደለም፤ ከፈቃጁ ነው። ፈቃድ የሰጠ ሰው የፈቀደው ነገር ያስከፈለውን ዋጋ ካላወቀ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፈቃድ ሲጠየቅ በምን ይመዝናል?

ይህ ዓይነቱ ምሥጢር የእኛ አገር ሹማምንት ብቻ የፈጠሩት እንዳይመስለን የ1935ቱን ነገር እናስታውስ። ያን ጊዜ ኢጣልያ አገራችንን ወርራለች። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በዲሴምበር ወር ፓሪስ ላይ ተገናኝተው፣ የኢትዮጵያን ሰፊ ግዛት ለሙሶሊኒ ሰጥተው ለእኛ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ የሚተዉበትን ዕቅድ ነደፉ። የፓሪስ ጋዜጦች ወዲያው አወጡት። ጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን በለንደን ፓርላማ ሲጠየቁ ከንፈሬ ገና አልተፈታም የሚል መልስ ሰጡ። ልብ በሉ፤ ዕቅዱን የፓሪስ ጋዜጣ አንባቢ ያውቀዋል፣ ሮማም ታውቀዋለች። ከንፈር የተዘጋው ለገዛ እንደራሴዎቻቸው ብቻ ነበር። እንደራሴዎቹና ሕዝቡ ግን ዝም አላሉም። ሆር በዲሴምበር 18 ከሥልጣኑ ወረደ፤ በማግሥቱ የተቃዋሚው መሪ አትሊ በመንግሥቱ ላይ የወቀሳ ሐሳብ አቀረበ፤ ባልድዊንም ዕቅዱ መሞቱን አመኑ።

«ታዲያ ምን ጠቀመን?» ያለ ባልንጀራ አለ። እውነቱን ነው፤ በሜይ 1936 አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወድቃለች፤ ጥያቄ መድፍ አያቆምም። ቢሆንም ከዚያ ሸንጎ በኋላ የኢትዮጵያን መሬት መስጠት ሰላም ነው ብሎ በግልጥ መናገር ለእንግሊዝ ሚኒስትር ቀላል አልነበረም። የተወረርነው በግፍ ነው እንጂ በስምምነት አይደለም። ይህ ልዩነት ለሞተው ምንም አይደለም፤ በሕይወት ለቀረውና አገሩን መልሶ ለጠየቀው ግን ብዙ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከእግራችን ሥር ያለ ነው። ይህ ረጃፍ የሚባለው ቦታ በ1897 ከማህዲስቶች ተወስዶ፣ ላዶ ከሚባለው ግዛት ጋር፣ የቤልጂጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ሞቶ ግዛቱ በ1910 ወደ ሱዳን እስኪመለስ ድረስ በኮንጎ መንግሥት ባንዲራ ሥር ነበረ። ኮንጎ ደግሞ እስከ 1908 ድረስ የቤልጂግ ሳይሆን የንጉሡ የግል ንብረት ነበረችና ንጉሡ ስለዚያች አገር ለብራስልስ ፓርላማ መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረበትም። የሚጠየቅበት ቤት የሌለው መንግሥት ማለት እንዲህ ነው። በጎማው ደን ውስጥ ያ ሁሉ እጅ ሲቈረጥ ጥያቄው የተነሣው በሌላ አገር ሸንጎ ነው፤ በሜይ 1903 የእንግሊዝ እንደራሴዎች መንግሥታቸው ስለ ኮንጎ ሕዝብ አያያዝ እንዲንቀሳቀስ ወሰኑ። ኬዝመንት የሚባለው ቆንሲል ተላከ፤ ያየውንም ጽፎ ሪፖርቱ በ1904 ታተመ። ግፉ የከፋው ከዚህ ርቆ በጎማው አገር ቢሆንም፣ በዚያን ዘመን በዚህ ወንዝ ዳር የነበረ የባሪ ሰው በማያውቀው ከተማ፣ በማያውቀው ቋንቋ፣ እርሱን በሚገዛው ባንዲራ ላይ ጥያቄ እንደ ተነሣ ከቶ አልሰማም ይሆናል። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንደራሴ የሚጠይቀው ለመረጠው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ድምፅ የሌለው ሰው ጉዳይ በየትኛውም ሸንጎ አይነሣም ማለት ነዋ! ስደተኛም ድምፅ የሚሰጥበት ሳጥን የለውም፤ በወጣበት አገር አይመርጥም፣ በገባበትም አይመርጥም።

የሚጠይቅ ሰው በማይገኝበት ቤት ምን እንደሚጎድል ከጋምቤላ የመጣችሁ አንባቢዎቻችን ታውቃላችሁ። በአፕሪል 2016 ከደቡብ ሱዳን በኩል ድንበር ተሻግረው የገቡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወሰዱ። የሐዘን ቀን ታወጀ፤ የኢትዮጵያ ጦር በጁባ ፈቃድ ድንበር ተሻግሮ ፈለጋቸው። ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባው ቤት ውስጥ ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ በቀር አንድም ሰው አልነበረም። ልጆቹ የማንም ፓርቲ አይደሉም፤ ሁሉም አዝኖአል። ነገር ግን ከሐዘኑ በኋላ በስድስተኛው ወር፣ በሁለተኛውም ዓመት እየተነሣ «የቀሩትስ?» ብሎ ሚኒስትሩን የሚነዘንዝ ሰው እንዲገኝ፣ መነዝነዝ እንጀራውን የማያሳጣው እንደራሴ ያስፈልጋል።

እዚህ ባለንበት አገር እንግዶች ነንና ስለ ባለቤቱ ቤት ብዙ አንናገርም። የጎረቤቱን የኡጋንዳን ግን ሁሉም አይቶታል። በዲሴምበር 2013 ጦሩ ጁባ ገባ፣ የካምፓላ ፓርላማ ያጸደቀው በጃንዋሪ 2014 ነው። በማርች 2025ም እንደዚሁ ወታደሩ ቀደመ፣ ድምፁ ተከተለ። ወታደሩ ከደረሰ በኋላ «ይሂድ ወይስ አይሂድ?» ብሎ መጠየቅ ከሠርጉ በኋላ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው።

ጽሑፉን ያላየ ሰው ደግሞ ምኑን ይጠይቃል? የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን የኢትዮጵያ ምክር ቤት በጁን 2013፣ የደቡብ ሱዳን ምክር ቤት በጁላይ 2024 አጸደቁት፤ በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ጀሪካን ይዘን የምንወርድበት ውኃ የሚተዳደርበት ቃል ታትሞ ወጥቶአልና ማንበብ የፈለገ ያነበዋል፣ መቃወም የፈለገም አንቀጹን ጠቅሶ ይቃወማል። በጃንዋሪ 2024 አዲስ አበባ ላይ ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ግን እንዲህ አልሆነም። ሞቃዲሾ በዚያው ወር ውድቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በምክር ቤቱ ሶማሊያን የመጉዳት ሐሳብ የለንም ብለው ተናገሩ። ሰነዱ ለሕዝብ አልወጣም። ስለዚህ ጠያቂውም መላሹም፣ ጎረቤቱም ወዳጁም፣ ስለ አንድ ወረቀት ዓመት ሙሉ ሲነጋገሩ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነበረ።

ባልንጀሮቻችን በመጨረሻ ያነሡት ጥያቄ «የሶማሊያው ቁጥር ዛሬ ቢነገር ለማን ይበጃል? ሰዎቹ ሞተዋል፣ ጦርነቱም አልፎአል» የሚል ነው። እኛ የምንለው የሚከተለውን ነው። የ1903ቱንና የ1935ቱን ጥያቄ ዛሬ እዚህ ተቀምጠን ከነቀኑና ከነጠያቂው ስም ልንናገር የቻልነው፣ በዚያ አገር በሸንጎ የተነገረው ቃል በሙሉ ታትሞ ስለሚቀመጥ ነው። የእኛም እንደራሴዎች ያነሡት ጥያቄ ከተሰጣቸው መልስ ጋር ተነግሮአል፣ ተሰምቶአል። የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነው። ለሟች ቤተሰብ ጡረታ ለመቁረጥ ደግሞ የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ማዕረጉና የሞተበት ቀን ተጽፎ መገኘት ግድ ነው። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ፣ ተራ በተራ ጽፎአቸዋል።